ያላነበብሁትን መጽሐፍ ያወገዝሁበት ቀን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በቅድሚያ አንድ ስሕተቴን ልንገራችሁ።

በዘመነ ጽጌ፣ በአንዱ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በሰንበት ትምህርት ቤታችን የወጣቶች መርሐ ግብር ላይ ስለ ንባብ እንዳስተምር ተመድቤ ነበር። ርእሱ ሰፊ ሆነብኝና ላጥብበው ብዬ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን የሚተርኩ ልብ ወለዶችን መረጥሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል ነቀፍኋቸው። ድምፄ ከፍ ይል እንደ ነበር አስታውሳለሁ። ስጨርስ ከኋላው ወንበር አንዲት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነጠላዋን እያስተካከለች ተነሣችና፣ «ዲያቆን፣ ከእነዚህ መጻሕፍት ያነበቡት የትኛውን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ።

ጥያቄዋ ተንኮል አልነበረበትም። እኔ ግን «መርዝ መርዝ መሆኑን ለማወቅ መቅመስ አያስፈልግም» ብዬ መለስሁላት። አዳራሹ ሣቀ፤ አጨበጨቡልኝም። እርሷ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች።

ያ መልስ እስከ ቤቴ ተከተለኝ። መርዝን መርዝ ነው ያለን ወይ መርምሮ ያወቀ ባለሙያ ነው፣ ወይ ቀምሶ የተጎዳ ሰው ነው። እኔ ከሁለቱም አልነበርሁም። ስለ መጻሕፍቱ አውቃለሁ የምለው ሁሉ እንደ እኔው ካላነበቡ ሰዎች የሰማሁት ነበር። በአብነት ትምህርት ቤት ንባብ ከትርጓሜ እንደሚቀድም ታውቃላችሁ። ንባቡን ሳያደላድል ትርጓሜ ልጀምር የሚለውን ተማሪ የኔታ ወደ ቦታው ይመልሱታል። እኔ በዐደባባይ የተረጎምሁት ንባቡን ያላየሁትን ነው።

ነገሩን ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «ልጄ፣ ለምን ልታነበው ፈለግህ?» አሉኝ። «የማላውቀውን እንዳልናገር» አልሁ። «እንግዲያው አንብብ። ልብህን ሲያስቸግርህ ተወው፤ ያነበብኸውን ግን ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገር» አሉኝ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ትእዛዝ ፍጻሜ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ጋብቻ የምታስተምረውን ታውቃላችሁ፤ እኔም የማምነው እርሱኑ ነው፤ ስለ እርሱ ልከራከር አልተነሣሁም። የምጽፍላችሁ መጻሕፍቱን ሳነብ ስላየሁት ነገር ነው።

መጀመሪያ ያነበብሁት የጄምስ ቦልድዊንን «የጆቫኒ ክፍል» ነው። ሥነ ጽሑፍ የሚያጠና የዶርም ጓደኛዬ ሶፍት ኮፒውን ሰጠኝ። ቦልድዊን እ.ኤ.አ. በ1924 በኒው ዮርክ ሐርለም የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ከ14 ዓመቱ ጀምሮ ለሦስት ዓመታት ያህል በሐርለም በጴንጤቆስጤዎች ዘንድ የሚሰብክ ብላቴና እንደ ነበር ሳነብ ትንሽ ደነገጥሁ፤ መድረክ ላይ ቆሞ በድምፅ ማሸነፍን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋልና። በ1948 ወደ ፓሪስ ተሻገረ። የመጀመሪያውን ልብ ወለዱን ያሳተመለት ድርጅት ይህን ሁለተኛውን አልቀበልም ብሎት በ1956 በሌላ አሳታሚ ወጣ።

ታሪኩ የአንድ ሌሊት ትዝታ ነው። ዴቪድ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት በደቡብ ፈረንሳይ በተከራየው ቤት ብቻውን ሆኖ ንጋትን ይጠብቃል። ሲነጋ ጆቫኒ የተባለ ጣሊያናዊ በፓሪስ አንገቱን ይቀላል። ዴቪድ ሄላ የምትባል ወዳጅ ነበረችው። ልታገባው ይገባት እንደ ሆነ ልታስብበት ወደ ስፔን በሄደችበት ወራት እርሱ ከጆቫኒ ጋር ተዋደደ፤ በጠባቧ ክፍሉም አብሮት ኖረ። ሄላ ስትመለስ ለጆቫኒ አንድ ቃል እንኳ ሳይናገር ጥሎት ወጣ። ሥራ ያጣውና የተራበው ጆቫኒ ኋላ የቀድሞ አሠሪውን ገደለ። ሄላም እውነቱን ባወቀች ጊዜ ልቧ ተሰብሮ ወደ አገሯ ተመለሰች።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ የሚያባብል ነገር ጠብቄ ነበር። ያገኘሁት ግን የፍርሃት መጽሐፍ ነው። ደራሲው ራሱ በኋለኛው ዘመኑ በሰጠው ቃለ ምልልስ፣ መጽሐፉ ማንንም መውደድ የፈራ ሰው ምን እንደሚሆን የሚናገር ነው ብሏል። ዴቪድ ጆቫኒንም ሄላንም አባቱንም ይዋሻል፤ ከሁሉ አስቀድሞ ራሱን ይዋሻል። ውሸቱ ደግሞ የሚጎዳው ሁልጊዜ ሌላውን ሰው ነው፤ እርሱ በሕይወት ይተርፋል።

ጆቫኒ የሚኖርባት ክፍል መስኮቷ በነጭ የመስታወት ማጽጃ ተለቅልቋል፤ ከውጭ ማንም እንዳያይ። ይህን ሳነብ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነበር። እኔም የስልኬን ብርሃን ቀንሼ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ከላይ አልጋ ያለው ልጅ ምን እንደማነብ እንዳያይ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር። ለመጽሐፍ ብቻ እንዲህ የተሸሸግሁ እኔ፣ ዕድሜ ልኩን የሚሸሸግ ሰው ምን ይሆን ብዬ አሰብሁ። ጋቢውን ገለጥሁና መብራት አብርቼ ተቀመጥሁ። ከላይ ያለው ልጅ ለካ ተኝቶ ኖሯል።

ከመጽሐፉ ሁሉ የከበደኝ አንድ ስፍራ አለ። ጆቫኒ በጣሊያን መንደሩ ሳለ ልጅ ተወልዶለት ነበር፤ ሕፃኑ ግን ሞቶ ተወለደ። በዚያን ዕለት ጆቫኒ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጌታን ስቅለት አውርዶ ተፋበት፤ ከዚያም አገሩን ጥሎ ወጣ። እዚህ ላይ ስልኬን አስቀምጬ አማተብሁ። ቆየት ብዬ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ከወር በፊት ቢሆን ኖሮ፣ ከመጽሐፉ ሁሉ ይህችን አንዲት ነገር ብቻ አውጥቼ «ይኸው መስቀል ላይ የሚተፉ ሰዎች መጽሐፍ» ብዬ ከመድረክ እናገር ነበር። ያ ሰው በዚያች ሰዓት የሞተ ልጁን ያየ አባት መሆኑን አልናገርም ነበር፤ አላነበብሁትማ! ኢዮብን ጓደኞቹ ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት እንደ ተቀመጡ፣ የተሳሳቱትም አፋቸውን ሲከፍቱ መሆኑን ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ።

ቦልድዊንን የምነቅፍበት የለም ማለቴ አይደለም። ሄላን የሳላት በችኮላ ነው፤ የምትናገረው ብዙ፣ የምናውቅላት ጥቂት ነው። በመጠጥ ቤቱ የሚታዩትን ሽማግሌዎች የሚያይበት ዓይንም ምሕረት የለውም። የዴቪድ ዓይን ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኔን ግን አላሳመነኝም። የበደሉን ስፋት ሁሉ አሳይቶ የንስሐን በር ሳያሳይ መጨረሱም ከበደኝ። አንዲት ሴት ብቻ አለች፤ የተከራየውን ቤት የምትጠብቅ፣ በጦርነት ልጆቿን ያጣች ጣሊያናዊት አሮጊት። ዕቃውን ልትቆጥር መጥታ ዴቪድን እንደ እናት ታየዋለች፤ እንዲጸልይ ትመክረዋለች፤ ሚስት እንዲያገባም ትመክረዋለች።

በምክሯ ፊተኛው ክፍል ደስ አለኝ። ሁለተኛው ግን አላስተኛኝም፤ ምክንያቱም ይህ ምክር በእኛም ሰፈር አለ። «አግባ፣ ይለቅሃል።» «ትዳር ያስተካክለዋል።» እኔም ይህን ሲባል ሰምቼ ራሴን ነቅንቄ አውቃለሁ። አሮጊቷ ይህን ስትለው ግን ሄላ ጥላው ሄዳ ነበር።

ይህ ነገር ወደ ሁለተኛው መጽሐፍ መራኝ፤ ናይጄሪያዊቷ ቺኔሎ ኦክፓራንታ እ.ኤ.አ. በ2015 ወዳሳተመችው «ከኡዳላ ዛፎች ሥር»። እነሆ የአፍሪካ መጽሐፍ፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ብዬ የምሸሸው አይደለም። ኢጀማ የምትባል የኢቦ ልጅ አባቷን በቢያፍራ ጦርነት በአየር ድብደባ ታጣለች። እናቷ ከሰው ቤት ታስቀምጣታለች፤ በዚያም አሚና ከምትባል የሐውሳ ወላጅ አልባ ልጅ ጋር ትዋደዳለች። ሲታወቅባቸው እናቷ ወስዳ በየቀኑ መጽሐፍ ቅዱስ ታስተምራታለች፤ ከኦሪት ዘፍጥረት ጀምራ። ልጅቷ ትጠይቃለች፤ እናት ትቆጣለች። ልጅቷ ደግማ ትጠይቃለች፤ እናት ጸሎት አድርጊ ትላለች።

መምህር ነኝና እነዚህን ምዕራፎች የማነብበው በእናቲቱ ወንበር ተቀምጬ ነበር። ያቺ እናት ልጇን ትወዳለች፤ መጥፎ ሰው አይደለችም። ፈርታለች። የፈራ መምህር ደግሞ ጥያቄን እንደ ዐመፅ ይቆጥረዋል። ከኋላው ወንበር የተነሣችው ልጅ ነጠላዋን ስታስተካክል ታየችኝ።

ኢጀማ አድጋ ቺቡንዱ የሚባል የልጅነት ጓደኛዋን ታገባለች። እርሱ ይወዳታል። እርሷ ልትወደው ትሞክራለች፤ አይሆንላትም። ደራሲዋ በዚህ ስፍራ ፍትሐዊ ናት፤ ባልየውን አውሬ አድርጋ አልጀመረችም። የሚወዳት ሚስት እንዳለችው ያሰበ ሰው፣ እንደሌለችው ቀስ በቀስ ሲገባው እንዴት እየመረረ እንደሚሄድ አሳየችን። ሳነብ ያዘንሁት ለእርሱም ነው። «አግባ፣ ይለቅሃል» የምንል ሁሉ፣ የማን ልጅ ለመድኃኒትነት እንደምትሰጥ አንጠይቅም። ሚስት መድኃኒት አይደለችም፤ ባልም አይደለም። ተክሊል የሚደፋላት እኅታችን ሰው ናት፤ እግዚአብሔር በመልኩ የፈጠራት ሙሉ ሰው። ጋብቻን ምሥጢር ነው ብለን የምናምን እኛ፣ በውሸት ላይ እንዳይቆም ከማንም ይልቅ ልንጠነቀቅለት ይገባን ነበር።

በመጽሐፉ ፍጻሜ ላይ ከደራሲዋ እለያያለሁ። ቅዱሳት መጻሕፍትን የምትተረጉምበትን መንገድ አልቀበልም፤ ወደ ማብቂያውም ታሪኩ ወደ ስብከት ይለወጣል። ስብከት ደግሞ የእኔ ሥራ ስለሆነ ድክመቱ ቶሎ ይታየኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሣት አለብኝ፤ በዚሁ ወራት ሌላ ዓይነት መጽሐፍም አነብ ነበርና። እንደምታውቁት በሥርዓታችን ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት ወይ በተክሊል ያገባል ወይ ይመነኩሳል። እኔ እጮኛ አለችኝ። ስለዚህ የጥንዶች ምክር የሚሰጡትን መጻሕፍት ያለ ሐፍረት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በካፌ ተቀምጬ አነብባለሁ፤ እነርሱን ከጋቢ ሥር የሚደብቅ የለም። የጆን ግሬይ «ወንዶች ከማርስ፣ ሴቶች ከቬኑስ» እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ነው። ወንድ ሲጨንቀው ወደ ዋሻው ይገባል ይላል፤ በእኛ አገር ዋሻ የሚገባው ለጸሎት ስለሆነ ምሳሌው ብዙም አልሠራልኝም። በዚያው ዓመት የወጣው የጋሪ ቻፕማን «አምስቱ የፍቅር ቋንቋዎች» ይሻላል። መልካም ቃል፣ አብሮ መዋል፣ ስጦታ፣ አገልግሎት፣ ንክኪ፤ ሰው ሁሉ ፍቅር የሚሰማው ከእነዚህ በአንዱ ነው ይላል። ጠቃሚ ነው። እኔ ግን አጠቃቀሙን አበላሸሁት። እጮኛዬን በተገናኘን ቁጥር «የአንቺ የትኛው ነው?» እያልሁ መረመርኋት። በሦስተኛው ሳምንት፣ «የምታገባው እኔን ነው ወይስ መጽሐፉን?» አለችኝ።

እንዲህ ያሉት መጻሕፍት ጉድለታቸው ይህ ይመስለኛል፤ ሁለቱም ሰዎች እውነተኞች ናቸው ብለው ይነሣሉ። እውነተኛ ለሆኑ ሁለት ሰዎች አምስቱም ቋንቋ ይጠቅማል። ዴቪድ ግን አምስቱንም አሳምሮ ይናገር ነበር፤ ለሄላ መልካም ቃል ነበረው፣ አብሯት ይውል ነበር፣ ይነካት ነበር። በአምስት ቋንቋ ይዋሽ ነበር።

ከዚህ ወገን ያመሰገንሁት የኤሪክ ፍሮምን «የፍቅር ጥበብ» ነው። የሚገርመው፣ እርሱም የታተመው እንደ «የጆቫኒ ክፍል» ሁሉ በ1956 ነው። ሰዎች የፍቅርን ችግር «እንዴት እወደዳለሁ» ብለው ይረዱታል፤ ጥያቄው ግን «እንዴት እወዳለሁ» መሆን ነበረበት ይላል። ፍቅር ስሜት ብቻ ሳይሆን የሚለማመዱት ጥበብ ነው ይላል፤ መንከባከብን፣ ኀላፊነትን፣ ማክበርንና ማወቅን ይፈልጋል። ይህን ሳነብ ግን የራሳችን ሰው ትዝ አለኝ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የኤፌሶንን መልእክት ሲተረጉም፣ አገልጋይን በፍርሃት ማሰር ይቻል እንደ ሆነ ነው እንጂ የሕይወት አጋርን በማስፈራራት ማሰር እንደማይገባ ለባሎች መክሯል፤ ሙሽራው ለሙሽራይቱ በፍቅር ምን ብሎ ሊናገራት እንደሚገባ እንኳ ቃል በቃል አስተምሯል። ከዐሥራ ስድስት መቶ ዓመታት በፊት የተሰጠን የጥንዶች መጽሐፍ እያለን ዋሻ ፍለጋ ማርስ ድረስ ሄድን።

አሁን ሳልጽፈው ልዘጋው ወደ ነበረው ነገር ልምጣ።

«የጆቫኒ ክፍል» ሲጀምር ዴቪድ ጆዊ ስለሚባል የልጅነት ጓደኛው ይተርካል። በመካከላቸው ከሆነው ነገር በኋላ ዴቪድ ፈርቶ ይሸሸዋል፤ ያም አልበቃው ብሎ ከኃይለኛ ልጆች ጋር ገጥሞ ያሠቃየዋል። ሁለት ሦስት ገጽ ነው፤ ደራሲው ብዙም አልቆየበትም። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ።

በመዝሙር ክፍላችን አንድ ልጅ ነበር። ድምፁ ቀጭን፣ አረማመዱ ለስለስ ያለ፣ በጽጌ ወራት መዝሙር ሲመራ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የሚያዳምጠው። ስለ እርሱ ማንም የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ እኔም የማውቀው የለም፤ ዛሬም ድረስ አላውቅም፤ ሊታወቅ የሚገባውም ነገር የለም። ወዳጄ ነበር፤ ከአዳራሽ አብረን ነበር የምንመለሰው። ከዕለታት በአንዱ ትልልቆቹ ልጆች አብረን ስንሄድ አይተው ሣቁብን። በማግስቱ ስም አወጣሁለት። ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ልጆቹ ወደዱት፤ በእኔ መሣቃቸውንም ተዉ። የፈለግሁትም ይህንኑ ነበር።

በአገራችን እንዲህ ያለ ስም ቀልድ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ድርጊቱ በወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 629 የሚያስቀጣ ነው፤ ወሬ ደግሞ ማስረጃ አይጠይቅም። ቤት ድረስ ይሄዳል፣ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ልጁ በሁለተኛው ወር ከመዝሙር ክፍል ቀረ፤ በዓመቱ ከነቤተሰቡ ሰፈር ለቀቀ። እኔ በዚያው ዓመት ማዕርገ ዲቁና ተቀበልሁ።

መጽሐፉን አንብቤ ስጨርስ ወደ ንስሐ አባቴ ተመለስሁ። ስለ ጆቫኒ፣ ስለ ኢጀማ ብዙ ተናገርሁ፤ የምስማማበትንና የማልስማማበትን ዘረዘርሁ። እስከ መጨረሻው አደመጡኝ። ስለ ልጁ የነገርኋቸው በመጨረሻ፣ ለመነሣት ስል ነው። «የመጻሕፍቱን ነገር ሰማሁ፤ ይህኛውን ለምን መጨረሻ አደረግኸው?» አሉኝ።

በሚቀጥለው እሑድ መርሐ ግብር ላይ ቆሜ፣ ያን ዕለት የነቀፍኋቸውን መጻሕፍት አንዳቸውንም አንብቤ እንዳልነበር ተናገርሁ። ማንም አልሣቀም፤ አላጨበጨበምም። ከመርሐ ግብሩ በኋላ ያቺ ልጅ መጥታ መጽሐፉን እንድሰጣት ጠየቀችኝ። አልሰጠኋትም፤ ለዕድሜዋ የሚከብድ ስፍራ አለው። ታሪኩን ግን የሞተውን ሕፃንና መስቀሉን ሳልደብቅ ነገርኋት። «ያሳዝናል» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

የልጁን ስልክ ከአንድ ዘመዱ አገኘሁት። ዛሬ በሌላ ከተማ ይሠራል። ሦስት ቀን ያህል ቁጥሩን እያየሁ ቆየሁና ደወልሁ። «ማን ልበል?» አለ። ስሜን ነገርሁት። ዝም አለ፤ ከበስተጀርባው የመኪና ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የደወልሁት አልሁት። ስለ ምን እንደ ሆነ አልጠየቀኝም። ብዙ ልናገር አስቤ ነበር፤ የተናገርሁት ጥቂት ነው፤ እርሱም ተንተባትቤ።

«የጽጌውን መዝሙር አሁን ማን ነው የሚመራው?» አለኝ።

«በየተራ ነው» አልሁት።

«እሺ» አለና ስልኩ ተዘጋ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።